የእባቡ ስም የዘር መዝገቡ ነው፦ «በዓይናችሁ ብቻ ግዙ» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ተላከልኝ። ጽሑፉ አሜሪካ ውስጥ ለቤት ስለሚሸጡ ባለ ቀለም እባቦች ነው። ለምን ለእኔ እንደተላከ ግልጽ ነው፤ እዚህ ሜሪላንድ ከአሥር ዓመት በላይ እባብ ሳሳድግና ሳራባ ኖሬያለሁ። አንዱ ጓደኛዬ «በል መልስ ስጥበት» አለኝ። አንዷ ደግሞ «ሰውዬው እውነታቸውን አይደል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህ ምላሽ ለሁለቱም ነው። ከሁሉ በላይ ግን ያንን ጽሑፍ አንብቦ ነገ እባብ ሊገዛ ለሚወጣ ሰው ነው።

የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። የቀለሞቹ ስም ሁሉ የሻጭ ፈጠራ ነው። ዋጋው መሠረት የለውም፤ ትናንት በሺዎች ዶላር የተሸጠው ዛሬ በመቶ ዶላር ይገኛል። ዓይን የማያየውን ጂን መሸጥ ማጭበርበር ነው። ባለ ቀለም እባብ በሙሉ በሽተኛ ነው። ቀለሙም የላብራቶሪ ሥራ ነው። ስለዚህ ስሙን ተዉት፣ በዓይናችሁ አይታችሁ የወደዳችሁትን ግዙ።

ጸሐፊው ይህን የጻፉት አንድ ሻጭ አታልሏቸው ነው። ከልብ አዝኛለሁ። እኔም ደርሶብኛል፤ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። አንድ ሰው በውሸት ስም ስለጎዳቸው ስም የተባለውን ሁሉ ሸሹ። የሸሹት ነገር ደግሞ ገዢውንም እንስሳውንም የሚጠብቀው ነገር ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላብራራ። የምናወራው በዋናነት ቦል ፓይተን ስለሚባለው ዘንዶ ነው። አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው፤ ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒን፣ ናይጄሪያ። መርዝ የለውም። አድጎ አድጎ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሀል ደብቆ እንደ ኳስ ይጠቀለላል፤ አሜሪካኖቹ «ቦል» ያሉት ለዚህ ነው። እንግሊዞቹ ሳይንሳዊ ስሙን ተከትለው «ንጉሣዊ ፓይተን» ይሉታል። የተፈጥሮ መልኩ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ወርቃማ ቡናማ ነጠብጣብ አለው። ከዚህ የተለየና በዘር የሚተላለፍ ቀለም ወይም ጥለት ሲገኝ «ሞርፍ» ይባላል። ነጭና ቢጫው አልቢኖ አለ። ከፊሉ በረዶ የመሰለ ነጭ፣ ከፊሉ ዝንጉርጉር የሆነው ፓይድ አለ። አንዱ ከሌላው እየተዳቀለ ዛሬ ስሙ በሺዎች የሚቆጠር ሆኗል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ስሙን ሻጭ አወጣው ይላሉ። አዎ፣ መጀመሪያ ያራባው ሰው ነው ያወጣው። ሌላ ማን ያውጣለት? እኛ አገር ገበሬው በሬውን ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ገብስማ ሲል፣ ፈረሱን ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራች ሲል ፈቃድ የሰጠው መሥሪያ ቤት የለም። ግን «ቡሬው በሬ ጠፋብኝ» ሲል ሰፈሩ በሙሉ የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ስም ሥራውን ሠራ ማለት ይኼ ነው።

የሞርፍ ስም ግን ከዚህም ይሻገራል። ቡሬ ማለት መልክ ነው። አልቢኖ ማለት መልክ ብቻ አይደለም። ይህ እባብ ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር ቢገናኝ ከእንቁላሉ ምን ይወጣል የሚል መረጃ ነው። የዘር መዝገብ ነው። ይህን ነጥብ ካልያዝን የቀረው ሁሉ ይዘበራረቅብናል፤ ጸሐፊውም የተዘበራረቀባቸው እዚሁ ላይ ይመስለኛል።

ማስረጃ ብለው ያቀረቡትን እንይ። ሁለት ነጭና ቢጫ እባቦች ገዝተው አገናኙ። ከእንቁላሉ የወጡት በሙሉ ተራ ቡናማ ሆኑ። «እንግዲህ አልቢኖ የሚባለው ስም ውሸት ነበር» ብለው ደመደሙ። ግን እዚያው ጽሑፋቸው ላይ አንደኛው «አልቢኖ»፣ ሌላኛው «ላቬንደር አልቢኖ» ተብሎ እንደተሸጠላቸው ጽፈዋል። መልሱ እዚያ አለ። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጂኖች ናቸው። ሁለቱም ጥቁሩን ቀለም ያጠፉታል፤ የሚያጠፉበት ቦታ ግን ይለያያል። አንዱ ወላጅ የጎደለውን ሌላው ደህና አድርጎ ስለሚሰጥ ልጆቹ ሁሉ ተራ መልክ ይዘው ይወጣሉ። ይህ ደግሞ የሻጭ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኢስተርን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እባብ አሳዳጊዎች በፖስታ የላኩላቸውን የእባብ ልጣጭ መርምረው ነበር። የተራው አልቢኖ ችግር ቲዋይአር የሚባለው ጂን ላይ፣ የላቬንደሩ ደግሞ ኦሲኤ2 የሚባለው ላይ ሆኖ ተገኘ። በሰው ልጅም አልቢኖነትን የሚያመጡት እነዚሁ ጂኖች ናቸው። አርቢዎቹ እንግዲህ ላብራቶሪ ሳይገቡ፣ እንቁላል ብቻ እያዩ፣ ቀድመው በስም ለይተዋቸዋል።

ቦአ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ትልቅ እባብ የሚያራቡ ሰዎችም ይህን ያውቁታል። እዚያ «ካል» እና «ሻርፕ» የሚባሉ ሁለት የአልቢኖ ዘሮች አሉ፤ በዓይን ለመለየት ያስቸግራሉ። ሁለቱን ያገናኘ ሰው አልቢኖ አያገኝም። የሚያድነው ስሙን ማንበብ ብቻ ነው። ጸሐፊው «ላቬንደር» የምትለዋን አንዲት ቃል ቢጠይቁባት ኖሮ የዓመታት ድካማቸው ይተርፍ ነበር። ያቺኑ ቃል ነው አሁን ተዉአት የሚሉን።

እውነት ያላቸው ቦታ ደግሞ አለ፤ አልክድም። ለአንድ ጂን ሁለት ስም መስጠት በዚህ ንግድ የተለመደ ነው። «ባናና» እና «ኮራል ግሎው» አንድ ናቸው። «ሌሰር» እና «በተር» የሚባሉትንም አብዛኛው አርቢ እንደ አንድ ያያቸዋል። ሁለት ሰዎች በየፊናቸው አንድ ዓይነት እባብ ከአፍሪካ አስመጡ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ስም አወጡ፤ ማንም ስሙን መተው አልፈለገም። ስም ላይ ገንዘብ ነበረበት። ይባስ ብሎ ኮርን ስኔክ በሚባለው ሌላ እባብ ላይ «በተር» ማለት ፍጹም ሌላ ነገር ነው። አዲስ ገዢ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ግን ለአንድ መንገድ ሁለት ስም ወጣ ብሎ ካርታውን የሚቀድ ሰው የለም።

ባናናን ካነሳሁ፣ ጸሐፊው በጣም ያናደዳቸውን ነገር ላንሳ። አንድ ሻጭ ሁለት ወንድ ባናና አሳይቷቸው «ይኼኛው ወንድ አስወላጅ ነው፣ ያኛው ሴት አስወላጅ ነው» አላቸው። እባቦቹ በመልክ አንድ ናቸው። «ከዚህ በላይ ንቀት አለ?» ብለው ጽፈዋል። ጸሐፊ ሆይ፣ ያ ሻጭ እውነቱን ነው የነገረዎት! እንዲያውም በዚህ ሙያ ውስጥ ከማውቀው ሁሉ ደስ የሚለኝ ታሪክ ይኼ ነው።

ለብዙ ዓመታት ሳይንቲስቶች የእባብ ሁሉ ፆታ እንደ ዶሮ ነው የሚወሰነው ብለው ያምኑ ነበር፤ በእናትየው በኩል ማለት ነው። ባናና የሚያራቡ ሰዎች ግን የማይገባ ነገር አዩ። ከአንዳንዱ ወንድ የሚወጡት ባናናዎች በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ወንዶች ሆኑ። ከሌላው ደግሞ ሴቶች። መዝግበው ያዙት። ጂኑን ከእናቱ ያገኘ ወንድ ለሴት ልጆቹ ያወርሰዋል፤ ከአባቱ ያገኘው ለወንዶቹ። ይህ እንዲሆን የቀለሙ ጂን ፆታን በሚወስነው ክሮሞሶም ላይ መቀመጥ አለበት። ያውም እንደ ሰው፣ በአባት በኩል በሚወሰን ክሮሞሶም ላይ። በ2016 በዚሁ የቀለም ጂን ርቢ ላይ የተመሠረተ ጥናት ወጣ። በ2017 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች በቦአና በበርማ ፓይተን ላይ እንደ ሰው ያለ ኤክስና ዋይ ክሮሞሶም መኖሩን በጂን ምርመራ አረጋገጡ። የመማሪያ መጽሐፍ ላይ የነበረ ነገር ተስተካከለ። መነሻው ጓዳቸው ውስጥ እንቁላል የሚቆጥሩ ሰዎች ናቸው። የትኛው ወንድ ከማን እንደተወለደ ስሙን ጽፈው ባያስቀምጡ ኖሮ ማንም አያውቀውም ነበር።

አሁን ስለ ዋጋው። ጸሐፊው የአልቢኖን ታሪክ አንስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ቦብ ክላርክ የተባለው የኦክላሆማ አርቢ አልቢኖ ቦል ፓይተን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው እጅ አራባ። ያኔ ዋጋው በሺዎች ዶላር ነበር። ዛሬ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። ፓይድም እንዲሁ፤ በ1997 ፒተር ካል ዘሩን በርቢ ካረጋገጠ በኋላ የሀብታም ዕቃ ነበር፤ አሁን ተራ ደመወዝተኛ ይገዛዋል። «እንግዲያው የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ተዘርፈዋል» ይላሉ ጸሐፊው።

አልተዘረፉም። አብረን እናስላ። ሴት ቦል ፓይተን ለርቢ እስክትደርስ ሦስት ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ ክብደቷም ወደ 1500 ግራም መድረስ አለበት። ቢበዛ በዓመት አንዴ ትጥላለች፤ አንዳንዱን ዓመት ትዘለዋለች። የምትጥለው ስድስት እንቁላል ገደማ ነው። ሁለት ወር ያህል ማሞቂያ ውስጥ ይቆያል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አይጥ ትበላለች፣ መብራት ትበላለች፣ ቦታ ትይዛለች።

አልቢኖ ድብቅ ጂን ነው። ከእናትም ከአባትም ካልመጣ አይታይም። ሁለት ተሸካሚዎች ቢገናኙ እያንዳንዱ እንቁላል አልቢኖ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ከስድስት እንቁላል አንድም አልቢኖ ያለማግኘት ዕድል 18 በመቶ ነው። ሁለት ድብቅ ጂኖችን አንድ እባብ ላይ ማየት ከፈለግን ደግሞ ዕድሉ ከ16 አንድ ይሆናል። ያኔ ከስድስት እንቁላል ባዶ እጅ የመቅረት ዕድል 68 በመቶ ነው። ሦስት ከሆኑ ከ64 አንድ፤ ባዶ እጅ መቅረት 91 በመቶ። ስሙ በረዘመ ቁጥር ዋጋው የሚጨምረው ለዚህ ነው። የምትከፍሉት ለፊደሉ አይደለም፤ ስንት ዓመት ሳይሳካ ቀርቶ በመጨረሻ ለተሳካው ነው።

ታዲያ ለምን ይወርዳል? ስለሚራባ ነዋ። ፓስቴል የሚባለውን ውሰዱ። ይኼኛው ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢመጣም ይታያል። አንድ ወንድ ፓስቴል ከአምስት ተራ ሴቶች ጋር ቢገናኝ 30 እንቁላል፣ 15 ፓስቴል ማለት ነው። ከ15ቱ ሰባቱ ወንዶች ቢሆኑና እያንዳንዳቸው አምስት ሴት ቢያገኙ በቀጣዩ ዙር 105 ፓስቴል። ወንዶቹ ደግሞ ሴቶቹን ያህል አያስጠብቁም፤ በዓመት በዓመት ተኩል ይደርሳሉ። ስለዚህ ፓስቴል በፍጥነት ረከሰ፤ ዛሬ ከመቶ ዶላር በታች ነው። ድብቆቹ ዘግይተው ረከሱ። አዲስ የዘር እህል መጀመሪያ ያገኘው ገበሬ በውድ ይገዛዋል፣ በውድም ይሸጠዋል፤ አገሩ ሁሉ ሲዘራው ዋጋው ይወርዳል። የመጀመሪያውን ሻጭ ሌባ የሚለው የለም።

እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው አንድ ነገር ልጨምርላቸው፤ እሳቸው በቂ ያልጮሁበት ነገር ነው። እባብን እንደ አክሲዮን የሚሸጡ ሰዎች አሉ። «ይህን ጥንድ ግዛ፣ በሦስት ዓመት ገንዘብህን እጥፍ ታወጣለህ» ይላሉ። ይህን የሚል ሰው አጠገብ አትድረሱ። ከላይ ያሰላነው ስሌት በሦስት ዓመት ውስጥ ሌሎችም ያንኑ ዘር እንደሚያራቡ ይነግረናል። የእባቡ ዋጋ በሦስት ዓመት ይወድቃል፤ እባቡ ግን ሠላሳ ዓመት ይበላል። ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። በ2020 ሴንት ሉዊስ መካነ እንስሳት ውስጥ ያለች ቦል ፓይተን ከ62 ዓመት ባላነሰ ዕድሜዋ እንቁላል ጥላለች፤ ያውም ቢያንስ 15 ዓመት ወንድ ሳታይ። እንስሳው ከረከሰ በኋላ ማን ነው የሚያኖረው? ዋጋቸው የወረደ እባቦች በነፃ እንኳ የሚወስዳቸው አጥተው አይቻለሁ። ይህ ያመኛል።

የማይታየውን ስለመሸጥ። ንግዱ ውስጥ «ሄት» የሚባል ቃል አለ። መልኩ ተራ ሆኖ ድብቅ ጂን የተሸከመ እባብ ማለት ነው። «100 በመቶ ሄት» ከተባለ አንዱ ወላጁ ራሱ አልቢኖ ስለነበር መሸከሙ አያጠራጥርም። «66 በመቶ ሄት» ከተባለ ሁለቱም ወላጆቹ ተሸካሚዎች ነበሩ፤ መልካቸው ተራ ከሆኑት ሦስት ልጆች ሁለቱ ይሸከማሉ፣ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይታወቅም። «50 በመቶ» ከሆነ ተሸካሚው አንዱ ወላጅ ብቻ ነበር። ጸሐፊው «ቡናማ እባብ በእጥፍ ዋጋ መግዛት ሞኝነት ነው» ይላሉ።

እስቲ ቢሾፍቱ ወይም ሰበታ ሄዳችሁ ገና ያልወለደች ጊደር ግዙ። ወተቷን ማንም አላየውም። ታዲያ ምን ትጠይቃላችሁ? እናቷ ስንት ሊትር ትታለብ እንደነበር ትጠይቃላችሁ። ስንት በመቶ የውጭ ደም እንዳላት ትጠይቃላችሁ። 50 በመቶ ዲቃላና 75 በመቶ ዲቃላ እኩል ዋጋ የላቸውም። ዓይን የሚያየው አንድ ጊደር ነው፤ ገንዘብ የሚከፈለው ግን ነገ ለሚመጣው ነው። ሄትም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም።

እርግጥ የጊደሯን ባለቤት ማመን ግድ ይላል፤ ችግሩም ያለው እዚህ ነው። የራሴን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ኤክስፖ፣ ማለትም እባብ ከሚሸጥበት ትርኢት፣ «100 በመቶ ሄት አልቢኖ» የተባለች ትንሽ ሴት እባብ ገዛሁ። ሻጩ ጨዋ ይመስል ነበር። ሦስት ዓመት አሳደግኳት። ተሸካሚነቱን ከማውቀው ወንድ ጋር አገናኘኋት። ስድስት እንቁላል ጣለች፤ ስድስቱም ቡናማ ሆኑ። ዕድሌ ነው አልኩ፤ 18 በመቶ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ከዓመት በኋላ ሰባት ጣለች። ሰባቱም ቡናማ። አሥራ ሦስት እንቁላል ያለ አንድ አልቢኖ፤ እንዲህ የመሆን ዕድሉ 2 በመቶ ተኩል እንኳ አይሞላም። ያኔ ቆዳዋን ስትቀይር የጣለችውን ልጣጭ ለምርመራ ላክሁ። ምንም አልተሸከመችም። ሻጩን ፈልጌ አገኘሁት፤ «ስትገዛት አላስገደድኩህም» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

አምስት ዓመት ገደማ ነው የሄደብኝ። ብስጭቱን ስለማውቀው በጸሐፊው አልፈርድም። ግን እኔን የጎዳኝ ስም መኖሩ አይደለም፤ ስሙ ውሸት መሆኑ ነው። ደግሞም ውሸቱን ያጋለጥኩት በዚያው በስሙ ነው። ሻጩ «ሄት አልቢኖ» ብሎ ባይጽፍ ኖሮ የሚመረመርም የሚከሰስም ነገር አይኖርም ነበር። አሁን ጊዜው ተሻሽሏል። ለብዙ ጂኖች የልጣጭ ምርመራ አለ፤ ዋጋውም ከእባቡ ዋጋ ጋር ሲተያይ የሚከብድ አይደለም። ውጤቱን የማያሳይ ሻጭ ሄት ነው ብሎ ቢምል እንደ ተራ እባብ ነው የምከፍለው።

ባለ ቀለም ሁሉ በሽተኛ ነው የሚለው ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። እውነትና ስህተቱ የተቀላቀለበት ነጥብ ነው። አልቢኖው ደህና ነው። ፓይዱ ደህና ነው። ፓስቴሉ ደህና ነው። ይበላሉ፣ ያድጋሉ፣ ይራባሉ። ስፓይደር የሚባለው ግን ደህና አይደለም። በ1999 ከአፍሪካ አሜሪካ የገባ ሞርፍ ነው፤ ጥለቱ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ስለሆነ በጣም ተወደደ። ግን ጭንቅላቱ ይንቀጠቀጣል። አንዳንዱ አንገቱ ይጠማዘዛል፣ በጀርባው ሲገለበጥ መመለስ ያቅተዋል፣ አይጥ ለመያዝ ሲወረወር ይስታል። አንዳንዱ ላይ እምብዛም አይታይም፣ አንዳንዱ ላይ ግን ሲያዩት ያሳዝናል። በ2014 የወጣ ጥናት የእንስሳውን ደህንነት ጥያቄ አንስቶበታል። በ2022 የጀርመን ተመራማሪዎች የውስጥ ጆሮው፣ ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል፣ ተበላሽቶ እንደሚፈጠር አሳይተዋል። ስለዚህ ጂኑ ካለ ችግሩ አለ። «የእኔ መስመር ንጹሕ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትመኑት። ብሪታንያ ውስጥ ኢንተርናሽናል ሄርፔቶሎጂካል ሶሳይቲ የተባለው ማኅበር ስፓይደር በገበያዎቹ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ትክክል አድርጓል እላለሁ። እኔም አላራባም።

ሻምፓኝና ዎማ የሚባሉትም ተመሳሳይ መንቀጥቀጥ አለባቸው። ደዘርት የሚባለው ደግሞ መልኩ ደህና፣ ጠባዩ ደህና ነበር፤ ሰው ብዙ ገንዘብ አወጣበት። ሴቶቹ ለርቢ ሲደርሱ እንቁላል መጣል አቃታቸው፤ በዚሁ የሞቱ አሉ። «ደዘርት ጎስት» የሚባለው ግን ስሙ ይቀራረብ እንጂ ሌላ ጂን ነው፤ ይህ ችግር የለበትም። አሁን ጸሐፊውን ልጠይቅ። ስሙን ትቶ በዓይኑ ብቻ የሚገዛ ሰው ደዘርትን በምን ይለያታል? ጥለቷ ያምራል። ጤነኛ ትመስላለች። የወደፊት መከራዋ የተጻፈው ስሟ ላይ ብቻ ነው።

እኔ ንግዱን የምከሰው በሌላ በኩል ነው። ስሙ በዛ ብዬ ሳይሆን ስሙ ጂኑን ደበቀ ብዬ ነው። «ባምብልቢ» የሚባል እባብ አለ። ቢጫና ጥቁር፣ ደስ የሚል፣ ልጆች ሲያዩት የሚወዱት። ባምብልቢ ማለት ፓስቴልና ስፓይደር ነው። «ኪለር ቢ» ድርብ ፓስቴል (ከሁለቱም ወላጆች የመጣ) እና ስፓይደር ነው። «ሃኒ ቢ» ውስጥም ስፓይደር አለ። «ስፒነር» ውስጥም አለ። በጥሩ ስም ተሸፍኖ የታመመ ጆሮ ይሸጣል። ለልጇ ልደት ባምብልቢ የምትገዛ እናት ስፓይደር እየገዛች መሆኗን ማን ነገራት? እዚህ ላይ ጸሐፊው ቢቆጡ ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር። ሳጥኑ ላይ መጻፍ ያለበት «ፓስቴል ስፓይደር» ነው። የማር፣ የንብ፣ የሙዝ ስሙን ከፈለጉ ከሥሩ በትንሽ ፊደል ይጨምሩት። ሞርፍማርኬትን በመሰሉ ትልልቅ የኦንላይን ገበያዎች ላይ ሻጮች ጂኖቹን አንድ በአንድ እየዘረዘሩ ማስገባት ጀምረዋል፤ ጥሩ ጅምር ነው። ኤክስፖ ላይ በፕላስቲክ ሳህን የሚደረደሩት ግን ዛሬም ብዙዎቹ በቅጽል ስማቸው ናቸው።

ቀለሙ የላብራቶሪ ሥራ ነው የሚለው ሩቅ አያስኬድም። አልቢኖውም፣ ፓይዱም፣ ስፓይደሩም የተገኙት ከአፍሪካ መሬት ነው። በደረቁ ወራት አዳኞች በየእርሻው ጉድጓድ እየቆፈሩ እርጉዝ ሴቶችንና እንቁላል ያወጣሉ፤ ማቆያ ጣቢያ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ሕፃናቱ ወደ አሜሪካና አውሮፓ ይላካሉ። ከሺዎቹ መሀል አንድ የተለየ መልክ ያለው ብቅ ይላል። ከ1975 ወዲህ ከምዕራብ አፍሪካ ወደ ውጭ የተላከው ቦል ፓይተን ከሦስት ሚሊዮን በላይ ነው። ንግዱ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሳይቲስ፣ ቁጥጥር ሥር ነው፤ ግን በጉድጓዱ አፍ ላይ ማን ይቆጣጠራል? ቆፍሮ ያወጣው ሰው የሚያገኘው ከጥቂት ዶላር አያልፍም። ያኛው እባብ ፍሎሪዳ ዴይቶና ኤክስፖ ላይ አዲስ ስም ወጥቶለት በሺዎች ሲሸጥ ስሙ ላይ የቶጎ ወይም የጋና ምልክት እንኳ አይኖርም። ከቶጎ ብዙም ሳይርቅ፣ ቤኒን ውስጥ ዊዳ በምትባል ከተማ፣ ይኸው እባብ የራሱ ቤተ መቅደስ አለው። ሰዎቹ ያከብሩታል። ሌሊት ወጥቶ ሰው ቤት ቢገባ አይነኩትም፤ በክብር ወደ ቦታው ይመልሱታል። እኔ እባብ በሳጥን አሳድጌ የምሸጥ ሰው ነኝና ይህን ሳስብ ዝም ብዬ አላልፈውም። ከዱር የመጣ እባብ ከገዛሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ በሰው እጅ የተፈለፈለው ለሁሉም ይበቃል።

የጸሐፊው የመጨረሻ ምክር በዓይናችሁ ግዙ የሚል ነበር። ዓይን ያስፈልጋል። እባቡ ጎኑ ሞልቶ እንደሆነ፣ አፉ ንጹሕ እንደሆነ፣ ሲተነፍስ ፉጨት እንደሌለው፣ ጭንቅላቱ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም እዩ። ሲበላ አሳዩኝ በሉ። ከዚያ በኋላ ስሙን ጠይቁ፤ ቅጽሉን ሳይሆን ጂኖቹን። የእናትና የአባቱን ስም ጠይቁ። ሻጩ የማያውቅ ከሆነ «አላውቅም» እስኪል ጠብቁ፤ አላውቅም የሚል ሻጭ ጥሩ ሻጭ ነው።

ያቺ ሴት እባቤ ዛሬም አለች። የምርመራው ውጤት የመጣ ቀን ሳጥኗ ላይ ያለውን «100 በመቶ ሄት አልቢኖ» የሚለውን ወረቀት ልጬ ጣልኩት። በምትኩ «ተራ፣ የተመረመረች» ብዬ ጻፍኩ። ከእሷ የተፈለፈሉትን አሥራ ሦስቱንም የገዙኝ ሰዎች ጋ አንድ በአንድ ደወልኩ። በአባታቸው በኩል የሚመጣው 50 በመቶ ሄትነት አልተለወጠም። ለሁሉም ግን እናታቸውም ተሸካሚ ናት ብዬ 66 በመቶ ጽፌ ስለነበር ልዩነቱን መለስኩላቸው።